ድንኳኑን የያዙት ብረቶች

ሰሞኑን ከጊዮርጊስ ስመለስ የሐይቁን ዳር የእግር መንገድ ይዤ ነበር። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ባጃጅ እመርጣለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ጧቱ ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ስላለኝ በእግሬ ልሂድ አልሁ። ጀልባዎች ከሚታሰሩበት ዘንድ ስደርስ አንድ ጎልማሳ ጀልባውን ገልብጦ የተሰነጠቀ ሆዱን ይለጥፋል። ነጭ የመስታወት ክር ጨርቅ ይዘረጋና በላዩ ላይ ሙጫውን በብሩሽ ይቀባል። ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ። የጥፍር ቀለምና የተቃጠለ ስኳር የተደባለቁበት የሚመስል፣ አፍንጫ ገብቶ ግንባር ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና፣ «እናቴ፣ ሽታው እንዳያምዎት፣ በወዲያ በኩል ይለፉ» አለኝ። «አውቀዋለሁ፣ ግድ የለም» አልሁትና እዚያው ቆምሁ። ሰው አንድ ሽታ ሲሸተው የእናቱን ጓዳ ያስታውሳል፣ የሠርጉን ቀን ያስታውሳል። እኔን ግን ያስታወሰኝ አንድ ጠባብ መጋዘን ውስጥ የባከነ ከዓመት የሚበልጥ ዕድሜዬን ነው። ቤቴ ገብቼም ምሳዬን በወጉ አልበላሁም፤ ንዴቴ እንደ ትናንት ነበር።

የሺእመቤት እባላለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ የግንባታ ዕቃ በሚፈተንበት ላቦራቶሪ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁ። ያኔ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ከዳር እስከ ዳር የሚተዋወቅ ሰው ነበር የሚኖርባት። በዘንባባዎቹ ሥር ከመኪና ይልቅ ብስክሌት ይበዛል፤ ሹሙም፣ አናጢውም፣ ቄሱም በብስክሌት ነው የሚሄደው። እኔ ዳገት ላይ ያደግሁ ሰው ብስክሌት የት አውቄ። ባለቤቴ ከኋላ እየያዘ አስተማረኝ፤ ሰንሰለቱ ቀሚሴን እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ እሰበስበው ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ዛሬ ለጅራቱ እንኳ በማይበቃ ገንዘብ ክንድ የሚያህል አምባዛ ዓሣ ተሸክመን እንገባለን። ሴቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉራችንን በቢጉዲን ጠቅልለን ሻሽ እናስርበታለን፤ ወንዶቹ እጀ ጉርድ ሳፋሪያቸውን እንደ ቢላ ስለት አስተኩሰው ይለብሳሉ። ወደ ገበያው መታጠፊያ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። አንድ ዘፈን ከወደደ ክረምት ከበጋ እሱኑ ያዘፍናል፤ ቴፑ ክሩን ሲበላበት በእርሳስ እየጠቀለለ ይመልሰውና ካቆመበት ይቀጥላል። ዛሬ ያ መታጠፊያ የስልክ መሸጫ ነው፤ የሚዘፈነውን አልሰማውም፤ ብሰማውም ሳልጨርሰው ይቀየራል።

እና በዚያ ዘመን ከተማዋ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ነበረ። የፋብሪካውና የአካባቢው ቆሻሻ ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚቆፈር ኩሬ የሚወስድ መስመር ሊዘረጋ ታሰበ። የሲሚንቶ ቱቦ እንዳይሆን፣ ከቆሻሻ ውሃ የሚወጣው ጋዝ ከላይ ጣራው ላይ አሲድ ይሆንና ይበላዋል። ብረት እንዳይሆን ይዝጋል። በመጨረሻ በመስታወት ክር የተጠናከረ የፕላስቲክ ቱቦ ይምጣ ተባለ። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ሃምሳ ዓመት መሬት ውስጥ ይቆያል ብለዋል ሻጮቹ። ለአገሩ አዲስ ዕቃ ነበርና የፕሮጀክቱ ሰዎች ናሙናውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ እውነት ሃምሳ ዓመት ይቆያል ወይ? ቱቦው ሐይቁን ታክኮ ስለሚያልፍ ጥያቄው የቢሮ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። መሬት ውስጥ ቢሰነጠቅ ማንም ሳያየው ወደ ጣና ይሰርጋል። ዓሣ አጥማጁ ሲጠማው ከታንኳው ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ነው የሚጠጣው፤ በደሴቶቹ ያሉት መነኮሳት ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ነው፤ የሠፈራችን ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት፣ ልጆች የሚዋኙት እዚያው ነው።

ሥራው ለጌታሁን ተሰጠ፤ እኔ ረዳቱ ሆንሁ። ጌታሁን የእንፍራንዝ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሩ ቆጠብ ያለ፣ ኮሌጁ ውስጥ የሚያስተምር መሐንዲስ። አንድ ነገር ሲጠየቅ ወዲያው አይመልስም፤ መጀመሪያ ጥያቄውን ደግሞ ለራሱ ይለዋል። ብዙ ሰው ይህን ጠባዩን እንደ ኩራት ይቆጥርበት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ናሙናዎቹን በእጁ እየዳሰሰ፣ «የሺ፣ ይህ ዕቃ ዛሬ ጠንካራ መሆኑን በአንድ ከሰዓት እንነግራቸዋለን። እነሱ የጠየቁን ግን የነገውን ነው። የነገውን ለማወቅ ደግሞ መጠበቅ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም» አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቱቦውን እንደ ቀለበት ቀለበት አድርገን ቆራረጥነው። እያንዳንዱን ቀለበት ከላይ በክብደት ተጭነን ትንሽ ጠፍጠፍ እንዲል እናደርገዋለን፤ መሬት ውስጥ አፈሩ እንደሚጫነው ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ዘግተን ውስጡ በውሃ የቀጠነ የባትሪ አሲድ እናስቀምጥበታለን። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ብዙ የተጫነበት ቶሎ ይሰነጠቅና አሲዱ እንደ ላብ ይወጣል፤ ጥቂት የተጫነበት ይዘገያል። ምን ያህል ተጭኖበት ምን ያህል ቆየ የሚለውን አያይዞ መስመር በመዘርጋት የሃምሳ ዓመቱ ይገመታል። ግምቱን የሚያስተማምኑት የዘገዩት ናቸው። እነሱን ደግሞ ቢያንስ ከዓመት በላይ ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል። ክብደቱ ለአንድ አፍታ ከተነሣ ቀለበቱ ይመለሳል፣ ያርፋል፤ ያረፈ ዕቃ ያላረፈውን ሊመሰክርለት አይችልም፤ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ክብደቱን በመጭመቂያ ማሽን እንዳንይዘው መብራቱ በየሁለት ቀኑ ይጠፋል። ጌታሁን አሰበና ጋራዥ ሄዶ የብረት ዘንጎች አስበየደ። በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ከባድ የብረት ዲስክ ይሰቀላል፤ ዘንጉ ቀለበቱን ይጫናል። «መብራት ይጠፋል፤ ክብደት ግን የት ይጠፋል?» ብሎ ሳቀ። ብረቶቹን እየመዘነ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈባቸው። ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል አጠገብ ያለውን መጋዘን ጠይቀን አጸዳንና በተርታ ሰቀልናቸው። መስኮቱን ስንከፍት የሐይቁ ነፋስ ይገባል፣ ስንዘጋው የአሲዱና የቱቦው ሙጫ ሽታ ያፍነናል። ጧት ጧት የተነነውን አሲድ እንሞላለን፤ ከዚያ ጌታሁን የእጅ ቦርሳዬን መስታወት ይቀበለኝና ከየቀለበቱ ሥር እያስገባ የረጠበ ነገር ካለ ያያል። «ደረቅ» ይላል። «ደረቅ» እላለሁ። ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ከውጭ ለሚያየን ሥራ የምንሠራ አንመስልም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ የተጫነባቸው ቀለበቶች ሲሰነጠቁ ሰው እየመጣ ያያል፤ የተሰበረ ነገር ደስ ይላል። በኋላ የማይሰነጠቁት ሲቀሩ የሚመጣ ጠፋ። አስተማሪዎቹ ክበብ ውስጥ «ዘበኞቹ መጡ» ይሉናል። ዲኑ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ፈጣን፣ ሁሉን ነገር ትናንት እንዲያልቅ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። በበር ሲያልፉ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና፣

«አቶ ጌታሁን፣ አሁንም አልጨረሳችሁም?» ይላሉ።

«አልጨረስንም፣ ዲን።»

«ዛሬ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«እየጠበቅን ነው።»

እራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ መጋዘኑን ለቢሮ ይፈልጉታል ተባለ፤ ጌታሁን ደጅ ጠንቶ አስተወው። ሌላ ጊዜ የፕሮጀክቱ ኃላፊ መጥተው፣ «እስካሁን ካልተሰበረ በቃ አይሰበርም ማለት ነው፣ ለምን አትጽፉልንም?» አሉ። «የስድስት ወር ሕፃን ስላልሞተ ሃምሳ ዓመት ይኖራል ብዬ እንዴት ልጻፍ?» አላቸው። ተቀየሙት።

እኔም ብዙ ነገር አመለጠኝ። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደሴ ሲሆን አልሄድሁም። ጌታሁን ብቻውን ጧት ጧት ሁሉንም ሊሞላ አይችልም፤ አንዱን ቢዘነጋ ያ ሁሉ ወር ይበላሻል ብዬ ቀረሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ «ለቱቦ ብላ ነው የቀረችው» እያለች ታነሣብኝ ነበር። የጌታሁን ይብሳል። ውጭ አገር ሄዶ እንዲማር ዕድል መጥቶለት ነበር፤ ባለቤቱ ሻንጣ ሁሉ ገዝታ ነበር። «ይህ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል» ብሎ ለሌላ ሰው አሳለፈው። ሌላ አልመጣም። ባለቤቱ ያኔ አኩርፋ ሁለት ሳምንት ምሳ አልቋጠረችለትም፤ ከእኔ ሳህን ነበር የሚበላው።

በዚህ ሁኔታ ዓመቱ ዞረ። ዝናቡ ጠፋ፣ ሜዳው አደይ ለበሰ፣ በበጋው ነፋስ ደንገሉ እየተንሿሿ መጋዘናችንን ይነካል። ቀለበቶቻችን ደረቅ ናቸው። እኔ እንኳ መጠበቅ የማልወድ ሰው ጧት በሩን ስከፍት ልቤ ይመታ ጀመር። ጌታሁን ግራፍ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በእርሳስ ጫፍ ባዶውን ቦታ እየነካ፣ «ትንሽ ብቻ ነው የቀረን። እዚህ ላይ ነጥብ ካገኘን ማንም አይከራከረንም» ይል ነበር። የቀሩን ሳምንታት ነበሩ።

የምረቃ በዓል መጣ። ከአዲስ አበባ ትላልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው በኖራ ተቀባ፤ የዘንባባዎቹ ግንድ ሳይቀር ነጭ ሆነ። በሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ትልቅ ድንኳን ተተከለ። ቅዳሜ ነበር። ጧት እንደ ወትሮው አሲዱን ሞልተን፣ በሩን ቆልፈን፣ ልብሳችንን ልንቀይር ወደየቤታችን ሄድን። እኔ ጥበብ ቀሚሴን ለብሼ፣ ባለቤቴም ከረባቱን አሥሮ ከሰዓት በኋላ ስንመጣ ነፋሱ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ ነበር። የባሕር ዳር የከሰዓት ነፋስ የታወቀ ነው። ድንኳኑ ግን አልተነቃነቀም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወደ ወንበሬ ሳልፍ ዓይኔ በገመዱ ጫፍ ላይ ዐረፈ። ገመዱ መሬት ላይ በተቀመጠ ክብ ብረት ታስሯል፤ ብረቱ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሪባን ተጠቅልሏል። በሪባኑ መካከል በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ይታያል። የጌታሁን የእጅ ጽሑፍ ነው። ወደሚቀጥለው ገመድ ሄድሁ፤ እዚያም አለ። ድንኳኑን ዞርሁት፤ ሁሉም አሉ።

ጌታሁን ሳፋሪውን ለብሶ ለስላሳ መጠጥ ይዞ ከሰው ጋር ቆሟል። ክንዱን ይዤ ጎተትሁት። ወደ ገመዱ አመለከትሁት። ጎንበስ ብሎ ሪባኑን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ቁጥሩን አነበበ። ቀጥሎ ጠርሙሱን ሣሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ገመዱን መፍታት ጀመረ። የአስተናጋጅ ኮሚቴው ሰው ሮጦ መጣ።

«አቶ ጌታሁን፣ ምን እያደረጉ ነው? ድንኳኑ እንግዶች ላይ ይወድቃል።»

«ማን አወጣው ይህን?»

«ንብረት ክፍል ነው፤ ትርፍ ቁልፍ አላቸው። ካስማው በነፋሱ አልይዝ ብሎን ነው። ሰኞ ጧት ይመለሳል፤ አይጠፋም።»

«አይጠፋም» ብሎ ደገመው ጌታሁን። እንግዶቹ እየገቡ ነበር፤ ጭብጨባው ተጀምሯል። ሁለታችንም በዚያው ድንኳን ሥር ገብተን ተቀመጥን፤ የት እንሂድ? ንግግሩ ስለ ምርምር ጥቅም ነበር። የክብር እንግዳው ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። ጌታሁን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የቆመውን የድንኳን ምሰሶ ያያል። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እሱም አጨበጨበ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ማንም ሲናገር ብሰማ፣ ስለ ምርምር ከሆነ፣ ተነሥቼ እወጣለሁ።

በዓሉ ሲያልቅ ሄደን መጋዘኑን ስናየው ዘንጎቹ ወደ ላይ ተንጋደው ቀርተዋል። ቀለበቶቹ ተፍታተው ክብ ሆነዋል። አንዱ ተገልብጦ አሲዱ ወለሉን በልቶታል። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ። ጌታሁን አላለቀሰም። ከወለሉ ላይ ጨርቅ አንሥቶ አሲዱን ይጠርግ ጀመር፤ እጁን እንዳይፈጀው ብዬ ጨርቁን ነጠቅሁት።

ሰኞ ዲኑ ዘንድ ገባን። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በእውነት አዝነዋል። ግን አልገባቸውም።

«መልሳችሁ ጫኑት እንጂ» አሉ። «ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ነው እኮ። ዓመት ሙሉ ቆይቶ ሁለት ቀን ምን ያመጣል?»

«ዲን» አላቸው ጌታሁን፣ «እስከ ሕማማት ጾሜ፣ አንድ ቀን ብቻ ጥሉላት በልቼ፣ እንደገና ጀመርሁ፣ ያው ጾም ጾም ነው የሚል ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ ጾም አይደለም የማወራው፣ ፈተና ነው።»

«እኔም ፈተና ነው የማወራው።»

በመጨረሻ ዲኑ፣ «እንግዲህ ፕሮጀክቱ አይጠብቅም። ይሆናል ወይም አይሆንም፣ አንዱን ጻፍ» አሉት። ጌታሁን እንደ ልማዱ ጥያቄውን ለራሱ ደገመውና፣ «አላውቅም ነው የምጽፈው። እውነቱ እሱ ነው» አለ። እንደገና ለመጀመር ጊዜ ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። ቢሰጠውም ማን ቁልፉን ያምናል? ከጥቂት ሳምንት በኋላ በመጋዘኑ በር አልፎ የማያውቅ ሌላ ሰው «ለሃምሳ ዓመት አገልግሎት ብቁ ነው» ብሎ ፈረመ። ቱቦው ተቀበረ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ የሴት ቴክኒሻን ፊርማ ለምን ይጠቅማል።

ጌታሁን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሥራውን ለቅቆ፣ ቤተሰቡን ይዞ ይፋግ ገባ። ሩዝ በዚያ አገር እየተስፋፋ ነበርና የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ተከለ። እየዋለ እያደረ ኑሮው ደህና ሆነ፤ ሩዝ በቁና ይልክልኝ ነበር። ግን ቤቱ በሄድሁ ቁጥር ወሬው ወደዚያው ይሄዳል። ልጆቹ፣ በተለይ ትልቋ ሰብለ፣ ነገሩን እንደ ተረት በቃላቸው ያውቁታል። «አባባ፣ ያ ቱቦ ተሰነጠቀ?» ትለዋለች በልጅነቷ። «ተሰንጥቋል እንጂ። አፈር ስለለበሰ አይታይም» ይላታል። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ዲኑ ፊት አላውቅም ያለው ሰው፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ፣ ማወቅ ጀመረ። አልፈረድሁበትም። አላውቅም ብሎ ሥራ መልቀቅ ለልጅ ምን ተብሎ ይነገራል? እኔ ራሴ በሐይቁ ዳር ደንገሉ ሲጠወልግ ባየሁ ጊዜ፣ እንቦጩ ውሃውን ሲሸፍነው፣ ያ ቱቦ ነው እያልሁ እረግም ነበር። ማስረጃ አልነበረኝም። ደህና መሆኑንም የሚነግረኝ አልነበረም። ይኸው ነው የሚያንገበግበው፤ ቢሰበር ንዴቱ ወጥቶልን ነበር፤ ቢጸና ደስታው ደርሶን ነበር።

አምና ነው ይህ የሆነው። መንገዱ ይስፋ ተብሎ ሠፈራችን ተቆፈረ። ለገበያ ስወጣ ቁፋሮው ውስጥ የዚያን ቱቦ ቀለም አየሁት፤ ጭቃ ቢለብስም አልሳትሁትም። ለጌታሁን ደወልሁለት። «እያወጡት ነው» አልሁት። ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። ሸምግሏል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ ጆሮው ከብዷል። ቁፋሮውን የሚመራው ወጣት መሐንዲስ ትሑት ልጅ ነበር፤ የራስ መከላከያ ቆቡን አውልቆ ሰላም አለን።

«እባክህ ልጄ፣ ከዚያ ከወጣው ቱቦ አንድ ቀለበት አስቆርጥልን» አልሁት።

«ለምን ፈለጋችሁት፣ እማማ?»

«ውስጡን ለማየት።»

ግራ ገብቶት ሣቅ አለ፤ ግን እምቢ አላለም። ሠራተኛው በመቁረጫው ቆረጠልን። ውሃ አስመጥተን አጠብነው። ጌታሁን መነጽሩን አድርጎ አፈሩ ክምር ላይ ቁጭ አለና ቀለበቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ጣራ የነበረውን ጎን ፈልጎ አገኘ፤ ጋዙ የሚበላው እሱን ነው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ገልብጦ ወደ ፀሐይ አነሣው። እንደገና ዳሰሰው። ውስጡ ለስላሳ ነው፣ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት። ጭረት የለበትም። ሌላ ቦታ አስቆረጥን፤ ያም እንደዚያው። እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄደን ሦስተኛም አስቆርጠን አየን።

«ጤነኛ ነው» አልሁት ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ።

«ጤነኛ ነው» አለ።

ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ ያ ሁሉ ዓመት ወደ ጣና ምንም አልገባም። እኔ ግን የተሰማኝ ንዴት ነው። እንዲያውም የባሰ ንዴት። ያኔ ሳምንታት ብቻ ቢጠብቁን ይህንኑ ራሳችን እንነግራቸው ነበር፤ ጌታሁን ይፈርም ነበር፤ አስተማሪ ሆኖ ይቀር ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ጠጋ ብሎ፣ መንገዱ ስለሚሰፋ መስመሩ በሌላ እንደሚተካ ነገረን። አዲሶቹ ቱቦዎች መንገድ ዳር ተደርድረዋል። «እነዚህስ ስንት ዓመት ይቆያሉ?» አለው ጌታሁን።

«ሃምሳ ዓመት፣ አባት። ላዩ ላይ ተጽፏል።»

ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን በጣቱ ዳሰሰው።

ወደ መናኸሪያ ሄድን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስልኩን አወጣና ለሰብለ ደወለ። አሁን መራዊ የመንግሥት ሥራ ይዛ ልጆች አሳድጋለች። ጆሮው ስለማይሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር የምትለውን ሁሉ እሰማ ነበር።

«ሰብለ፣ ቱቦውን አየሁት። አልተሰነጠቀም።»

«ያ ቱቦ? አንድም አልተሰነጠቀም?»

«አንድም።»

«ታዲያ እኛ ለምንድን ነው ከባሕር ዳር የወጣነው፣ አባባ?»

ጌታሁን ጥያቄውን በከንፈሩ ደገመው። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ይዤው ምን እንደምላት አሰብሁ፤ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ሁሉንም ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች።

«ሰብልዬ» አልኋት፣ «አባትሽ ይሰነጠቃል ብሎ አይደለም የወጣው። ሳታውቅ አይሰነጠቅም ብለህ ፈርም ስላሉት ነው።»

«እትዬ የሺ፣ ለእኛ ግን እንደዚያ ብሎ ነግሮን አያውቅም» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኋት። «አሁን ይነግርሻል።»

ስልኩን መለስሁለት። ረዳቱ ሚኒባሱ እንደሞላ ተጣራ፤ ጌታሁን በእጁ ቆይ አለውና ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር። መኪናው ጥሎት ሄደ። እኔም ሌላ መኪና እስኪመጣ አብሬው ተቀመጥሁ።